ገር ጠባይ፣ ደካማ ልብ፦ የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ጠባይና አያያዝ

መግቢያ

ውሻ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው ግቢ የሚጠብቅ፣ ባዕድ ሰው ሲያይ የሚጮኽ፣ ሌሊት የማይተኛ እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ውሻን ያረባው ለጥበቃ ብቻ አይደለም። ለአደንና ከብት ለማገድ የተረቡ ዝርያዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ከሰው አጠገብ ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸውም አሉ። በእንግሊዝ አገር የተገኘው ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል (ከዚህ በኋላ በአጭሩ ካቫሊየር እንለዋለን) ከእነዚህ አንዱ ነው። ክብደቱ ከ5.4 እስከ 8.2 ኪሎ ግራም፣ ቁመቱ ከመሬት እስከ ትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሐር የመሰለ ረጅም ፀጉር፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ጆሮዎችና ትልልቅ ክብ ዓይኖች አሉት።

ስለዚህ ውሻ የተጻፉ ጽሑፎች ገር፣ ሰው ወዳድና ታዛዥ መሆኑን ይመሰክራሉ። ምስክርነቱም በአመዛኙ እውነት ነው። ለሥነ ሕይወት ተማሪ ግን ካቫሊየር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ውብ ፊቱንና ገር ጠባዩን ያስገኘለት የእርባታ ታሪክ፣ ደካማ ልብና የጠበበ የራስ ቅልም አውርሶታል። ከዚህም በላይ ገርነቱ ራሱ ሕመሙን ይሸፍንበታል። ስለዚህ ካቫሊየርን መንከባከብ ማለት መመገብና ማበጠር ብቻ ሳይሆን፣ ውሻው ሊናገር የማይችለውን በመቁጠርና በመመልከት ማወቅ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የዝርያውን አመጣጥ፣ ጠባዩን፣ ዋና ዋና በሽታዎቹንና አያያዙን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የዝርያው አመጣጥ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ትንንሽ ስፓኒየሎችን ማሳደግ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1660 እስከ 1685 የነገሠው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በተለይ በእነዚህ ውሾች ፍቅር የታወቀ ነበር። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የዘመኑ ባለሥልጣን፣ ንጉሡ የመንግሥት ጉዳይ በሚመከርበት ሰዓት ከውሻው ጋር ይጫወት እንደነበር በዕለት ማስታወሻው በትዝብት ጽፏል። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንጉሥ ነው። «ካቫሊየር» የሚለው ቃል ደግሞ በ1640ዎቹ በተካሄደው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሡ ወገኖች የሚጠሩበት ስም ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰው ምርጫ ተለወጠ። አርቢዎች አፍንጫው የደፈጠጠ፣ ግንባሩ ጉልላት የመሰለ ስፓኒየል ስለ ወደዱ፣ በቀድሞ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ባለ ረጅም አፍንጫ ውሻ ሊጠፋ ተቃረበ። በ1920ዎቹ ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ወደ እንግሊዝ ሄዶ የቀድሞውን ዓይነት ቢፈልግ አጣው። ስለዚህ ከ1926 ጀምሮ ክራፍትስ በተባለው ታላቅ የውሻ ትርኢት ላይ፣ የጥንቱን መልክ ይዞ ለሚቀርብ ውሻ 25 ፓውንድ እንደሚሸልም አስታወቀ። በ1928 የዝርያው ማኅበር ተመሠረተ። የዝርያው መልክ መመዘኛ ሲወጣም «አንስ ሰን» የተባለው ተሸላሚ ውሻ እንደ ምሳሌ ተወሰደ። በ1945 ካቫሊየር ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ተመዘገበ።

ይህ ታሪክ ከሥነ ውርስ አንጻር ምን ያስተምረናል? ዝርያው እንደገና የተጀመረው በመልካቸው በተመረጡ በጣም ጥቂት ውሾች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታትም የምግብ እጥረት ስለነበረ አርቢዎች ውሾቻቸውን ይበልጥ ቀነሱ። ነገሩን በእህል ምሳሌ እንየው። ጎተራ ሙሉ ድብልቅ እህል አለን እንበል። ከዚያ ውስጥ አንድ እፍኝ ብቻ ለዘር ወስደን የቀረውን ብንጥል፣ በጎተራው ውስጥ የነበረው ልዩ ልዩ ዓይነት ሁሉ በእፍኛችን ውስጥ አይገኝም። በአጋጣሚ እፍኛችን ውስጥ የገባው የተበላሸ ፍሬ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን በሙሉ ያዳርሰዋል። ሳይንቲስቶች ይህን የመሥራቾች ውጤት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት የስምንት ዝርያዎችን ዲ.ኤን.ኤ. ሲያነጻጽር፣ ካቫሊየር ከሌሎቹ የበለጡ ጎጂ የዘረመል ለውጦችን እንደ ተሸከመ አረጋግጧል።

ጠባዩ፦ ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከአስተዳደግ?

ካቫሊየር ጌታውን ከክፍል ክፍል የሚከተል፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር የሚስማማ፣ ለማያውቀው ሰው እንኳ ጭራውን የሚቆላ ውሻ ነው። ስለዚህ ለጥበቃ አይሆንም። ከአዳኝ ስፓኒየል ዘር የመጣ በመሆኑ ደግሞ ወፍ ወይም ቢራቢሮ ሲያይ ሊያሳድድ ይሮጣል። ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ ላይ ያለ ገመድ መልቀቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ይህ ጠባይ በዘር የተወሰነ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ ከ18,000 በላይ ውሾችን የሚመለከት መጠይቅ ሰብስበው፣ ከ2,000 የሚበልጡትን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረዋል። ውሾች እርስ በርሳቸው ካላቸው የጠባይ ልዩነት ውስጥ በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ጠባይ በውርስ አይተላለፍም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ጠባዮች ይወረሳሉ። የጥናቱ ትርጉም፣ የዝርያውን ስም በማወቅ ብቻ የአንድን ውሻ ጠባይ አስቀድሞ መናገር አይቻልም ማለት ነው። መልክ በዝርያ የሚተነበየውን ያህል ጠባይ አይተነበይም።

ቀሪውን የሚቀርጸው በአብዛኛው አስተዳደግ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ልዩ ጊዜ አለው። ይህም ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው፣ የቤት ውስጥ ድምፅ ያልሰማ ቡችላ ካቫሊየርም ቢሆን ፈሪ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል፣ ለጓደኝነት የተረባ ውሻ ብቸኝነት ይከብደዋል። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት የሚውል ካቫሊየር ያለማቋረጥ ሊጮኽ፣ ዕቃ ሊያኝክ ይችላል። መድኃኒቱ ቁጣ ሳይሆን ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ ብቻውን እየተዉ ባለቤቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ማስተማር ይገባል። ከቤት ሁልጊዜ ሰው የሚጠፋበት ቤተሰብ ግን ይህን ዝርያ ባይመርጥ ይሻላል።

የልብ ነገር

የካቫሊየር ዋና ጠላት የሚትራል ቫልቭ በሽታ ነው። ሚትራል ቫልቭ በግራ በኩል ያሉትን የላይኛውንና የታችኛውን የልብ ክፍሎች የሚለይ ባለ ሁለት ክንፍ በር ነው። የታችኛው ክፍል ደምን ወደ ሰውነት ለመግፋት ሲኮማተር፣ ይህ በር ተዘግቶ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዳል። በበሽታው የተያዘ ውሻ የበሩ ክንፎች እየወፈሩና ቅርጻቸውን እያጡ ይሄዳሉ፤ በደንብም አይገጥሙም። በዚህ ጊዜ ደም በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል። ሐኪም በጆሮ ማዳመጫ ሲያዳምጥ የሚሰማው የሹክሹክታ ድምፅ ይኸው የሚሾልክ ደም ነው።

ልብ የጎደለውን ለማሟላት አብልጦ ይሠራል፤ ከጊዜ ብዛትም ይለጠጣል። በመጨረሻ ግፊቱ ወደ ሳንባ ተመልሶ በሳንባ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፤ ውሻው ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ በሽታ በሌሎች ትንንሽ ውሾችም ላይ በእርጅና ይታያል። የካቫሊየር ልዩነት ቀድሞ መጀመሩ ነው። ዕድሜያቸው 5 ዓመት ከሞላቸው ካቫሊየሮች ግማሽ ያህሉ፣ 10 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይህ የልብ ድምፅ ይሰማባቸዋል።

ድምፁ ተሰማ ማለት ግን ውሻው ሊሞት ነው ማለት አይደለም። ብዙዎች ድምፁ ከተሰማባቸው በኋላ ለዓመታት በጤና ይኖራሉ። ዋናው ቁም ነገር ልብ መለጠጥ የሚጀምርበትን ጊዜ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ 360 ውሾች የተካፈሉበት ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ልባቸው ለተለጠጠና ገና የሕመም ምልክት ላላሳዩ ውሾች ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት ሲሰጥ የልብ ድካም መጀመሪያ በአማካይ 15 ወር ያህል ይዘገያል። የውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነ 15 ወር ቀላል አይደለም። ይህን ጊዜ የሚያገኘው ግን በጊዜው የተመረመረ ውሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ካቫሊየር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ልቡ በእንስሳት ሐኪም ሊደመጥ፣ ድምፅ ከተሰማም በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ሊታይ ይገባል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው የሚችል ምርመራ አለ። ውሻው በደንብ ተኝቶ ሳለ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ብለን እንቆጥራለን። ጤነኛ ውሻ ተኝቶ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ30 ጊዜ በታች ነው። ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ፣ በሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠር ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስለ ልኬት ስሕተት አንድ ነገር እናስተውል። ለ15 ሰከንድ ቆጥረን በ4 ብናባዛ፣ በመቁጠር ያሳሳትነው አንድ ትንፋሽ 4 ሆኖ ይመዘገባል። ሙሉ ደቂቃ ከቆጠርን ግን ስሕተቱ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውጤቱን ቀን እየጻፉ በደብተር መመዝገብም ተገቢ ነው፤ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ ብዙ ይናገራልና።

ሕመምን የሚሸፍን ገርነት

ሁለተኛው ከባድ ችግር ከራስ ቅል ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ ካቫሊየሮች የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ለአንጎል ይጠባል። የኋላኛው አንጎል ጫፍ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ወደሚወጣበት ቀዳዳ ተገፍቶ የአንጎልን ፈሳሽ ዝውውር ያውካል። በዚህም የተነሣ በአንዳንዶቹ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ይህ ሁኔታ ሲሪንጎማየሊያ ይባላል፤ ከፍተኛ ሕመምም ሊያስከትል ይችላል። በእርግጠኝነት የሚታወቀው በኤም.አር.አይ. ምርመራ ነው።

ምልክቶቹ በቀላሉ የሚሳቱ ናቸው። ውሻው ሲሄድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ቆዳውን ሳይነካ አየሩን የሚያክክ ይመስላል። ሲያቅፉት በድንገት ይጮኻል፤ አንገቱን ሲነኩት ይሸሻል፤ ደረጃ መውጣት ያስፈራዋል፤ ራሱን ከፍ አድርጎ መተኛት ይመርጣል። ባለቤቱ ግን «ቁንጫ ይዞት ነው» ወይም «ሰነፈ» ብሎ ያልፈዋል። የሌላ ዝርያ ውሻ ቢያመው ያጉረመርም ይሆናል፤ ካቫሊየር ግን እያመመውም ጭራውን ይቆላል። ስለዚህ በእርሱ ዘንድ የጭራ መቆላት የጤንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ካቫሊየር፣ ማለትም መጫወት የተወ፣ መነካት የጠላ ወይም ብቻውን መሆን የመረጠ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለሕመም ሊመረመር ይገባዋል። ለጥንቃቄም ሲባል ገመዱን በአንገቱ ሳይሆን ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ማሰር ይመከራል።

የዕለት ተዕለት አያያዝ

ምግብ፦ ካቫሊየር ሆዳም ነው፤ በትልልቅ ዓይኖቹም ይለምናል። የአንድ ውሻ የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍላጎት በኪሎ ካሎሪ የሚገመተው ክብደቱን በኪሎ ግራም ወስደን ወደ 0.75 ኃይል ከፍ በማድረግና በ70 በማባዛት ነው። ለ8 ኪሎ ግራም ውሻ ውጤቱ 333 ያህል ይሆናል። ለአንድ የተኮላሸ አዋቂ ውሻ ይህን በ1.6 ብናባዛ የቀን ፍላጎቱ 530 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ለሰው መክሰስ የሚሆን የ250 ኪሎ ካሎሪ ምግብ ለእርሱ የቀን ቀለቡን ግማሽ ያህል ነው። ውፍረት ደግሞ ለደከመ ልብ ተጨማሪ ሸክም ነው። ጣት በጎኑ ላይ ሲያልፍ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ከተዳሰሰ ክብደቱ ደኅና ነው።

በአገራችን ለውሻ ትራፊ ወጥ መስጠት የተለመደ በመሆኑ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጎዱ የሰልፈር ውሕዶች አሏቸው፤ ብዙ የበላ ውሻ ደም ማነስ ይይዘዋል። ወጣችን የሚቁላላው በሽንኩርት በመሆኑ፣ በተለይ እንዲህ ላለ ትንሽ ውሻ መስጠት አይገባም። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ፣ እንዲሁም የሚሰነጠር የበሰለ አጥንት አደገኞች ናቸው።

እንቅስቃሴ፦ በቀን አንድ ሰዓት ያህል በሁለት ተከፍሎ የሚደረግ የእግር ጉዞ ለጤናማ ካቫሊየር ይበቃዋል። የልብ ድካም ለጀመረው ውሻ ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። በቀትር ሙቀት ማስሮጥ አይገባም።

ንጽሕና፦ ፀጉሩ በተለይ በጆሮው፣ በብብቱና በእግሮቹ መካከል ስለሚቋጠር በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ መበጠር አለበት። የተንጠለጠለ ጆሮ አየር ስለማያገኝ እርጥበት ይይዛል፤ ሽታ ወይም መቅላት መኖሩን በየሳምንቱ ማየት ይጠቅማል። ጥርሱን ለውሻ በተዘጋጀ ሳሙና መቦረሽ የድድ በሽታን ይከላከላል።

ክትባት፦ ከክትባቶች ሁሉ ግንባር ቀደሙ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጥቃት 99 በመቶው በውሻ አማካይነት የሚተላለፍ ነው። ከቤት የማይወጣ የጭን ውሻም ቢሆን ከዚህ ግዴታ ነጻ አይሆንም።

ከመወለዱ በፊት የሚጀምር እንክብካቤ

እስካሁን ያየነው ውሻው ከተገኘ በኋላ ያለውን አያያዝ ነው። ትልቁ እንክብካቤ ግን የሚጀምረው ወላጆቹ ሲመረጡ ነው። አንዳንድ የካቫሊየር በሽታዎች በአንድ ዘረመል ብልሽት የሚመጡ ናቸው። ለምሳሌ ሲሮጥ ጡንቻው ግትር ብሎ የሚወድቅበት በሽታና የዓይን ድርቀት ከጠጉረ ልውጥነት ጋር የሚታይበት በሽታ የሚከሰቱት ቡችላው ብልሹውን ዘረመል ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርስ ብቻ ነው። ሁለቱ ወላጆች ጤነኛ መስለው ብልሹውን ዘረመል የተሸከሙ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ፣ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ፍጹም ነጻ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። አንዱ ወላጅ ነጻ ከሆነ ግን የሚታመም ቡችላ አይወለድም። ለሁለቱም በሽታዎች የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አለ። ስለዚህ ተሸካሚውን ሁሉ ከእርባታ ማስወጣት አያስፈልግም፤ ከነጻ ውሻ ጋር ማዳቀል ይበቃል። ሁሉንም ማስወጣት እፍኛችንን ይበልጥ ያሳንሰዋልና።

የልብ በሽታው ግን በብዙ ዘረመሎች ድምር የሚመጣ በመሆኑ በአንድ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ብቻ አይለይም። መንገዱ ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም ወላጆች ዕድሜያቸው እስኪገፋና ልባቸው ጤነኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አለማራባት ነው። ይህ እንደሚሠራ ዴንማርክ አሳይታለች። በዚያ አገር ካቫሊየሮች ከመራባታቸው በፊት የልብ ምርመራ እንዲያልፉ ግዴታ ተደረገ። ከ2002 እስከ 2011 ያለውን ጊዜ የሚመለከት ጥናትም በዚህ ሥርዓት ከተረቡ ውሾች መካከል የበሽታው ስርጭት በጉልህ መቀነሱን አረጋገጠ። መራጭ እጅ ያበላሸውን፣ መራጭ እጅ ሊያርመው ይችላል ማለት ነው።

ኖርዌይ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። አንድ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ባቀረበው ክስ፣ የኦስሎ ፍርድ ቤት በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የካቫሊየር እርባታ የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ሲል ወሰነ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በካቫሊየር ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ውሳኔው ውሻውን ማሳደግን የሚከለክል አይደለም። ጤናን ለማሻሻል ተብሎ በሳይንሳዊ ዕቅድ ከሌላ ዝርያ ጋር ለማዳቀልም በር አልዘጋም። አንዳንድ የዝርያው ወዳጆች በዚህ ውሳኔ አዝነዋል፤ ሌሎች ግን ዝርያውን ለማዳን የቀረው መንገድ ይህ ነው ይላሉ። ክርክሩ «የምንጠብቀው የዝርያውን ንጽሕና ነው ወይስ የውሻውን ጤንነት?» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

ማጠቃለያ

ኤልድሪጅ ሽልማቱን ያቆመው በሥዕል ላይ ያየውን ፊት መልሶ ለማግኘት ነበር፤ ያ ፊትም ተመለሰ። በዚያ ዘመን የትርኢት ዳኛ የሚመለከተው አፍንጫን፣ ዓይንንና ፀጉርን እንጂ የልብን በርና የራስ ቅልን ስፋት አልነበረም። ያልታየው ነገር ግን ከታየው ጋር አብሮ ተወረሰ። ለዕፀዋትም ሆነ ለከብት ዘር መራጭ የሚሆን ሰው ይህን ሊያስታውስ ይገባል። አንድን መልካም ባሕርይ ስንመርጥ፣ ከእርሱ ጋር ሳናውቅ የምንመርጠው ምን እንደሆነ አስቀድመን መጠየቅ አለብን።

ካቫሊየር በእጁ ላለው ሰው ደግሞ የዛሬ ማታው ሥራ ቀላል ነው። ውሻው ሲተኛ ሰዓት ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠር፤ ቁጥሩንም በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ገሩ ውሻ ራሱ ስለማይናገር፣ የሚናገርለት ያ ደብተር ነው።